30 ሴንቲ ሜትር ማራዘሚያ ከመኪናዬ የመጎተት አቅም ላይ ምን ይወስዳል? የ12 ቀን የሥራ ማስታወሻ

ቀን 1

ፒክአፔ ላይ ተሳቢ ሲታሰር የኋላ ስፖንዳው አይከፈትም። ወደ ታች ላውርደው ስል የተሳቢው ክሪክ እጀታ ላይ ያርፋል። ከክሪኩ ጀርባ ደግሞ የመሣሪያ ሳጥኑ አለ። ከካሶኒው አንድ ገመድ ለማውጣት ተሳቢውን መፍታት፣ ከዚያ እንደገና ማሰር ግድ ነው። በአንድ የሥራ ቀን ሦስቴ አራቴ እንዲህ ሲሆን ያሰለቻል።

ስለዚህ ማራዘሚያ አመጣሁ። ነገሩ ቀላል ነው። ከመኪናው ሥር ሻንሲው ላይ የታሰረ ባለ 2 ኢንች አራት ማዕዘን ቱቦ አለ። ተሳቢው የሚታሰርበትን ኳስ የሚሸከመው ብረት እሱ ውስጥ ገብቶ በፒን ይቆለፋል። ያንን ቱቦ ከዚህ በኋላ "ተቀባይ" እለዋለሁ። ማራዘሚያው በአንድ ጫፉ ተቀባዩ ውስጥ የሚገባ፣ በሌላው ጫፉ ራሱ ተቀባይ የሆነ ቱቦላሬ ነው። የኔው ከፒን እስከ ፒን 30 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ገጠምኩት፣ ስፖንዳውን ከፈትኩት፣ ምንም ሳይነካ ወረደ።

ደስ አለኝ። ግን ተሳቢውን ጭኜ ከመውጣቴ በፊት አንድ ነገር ማወቅ ፈለግሁ። ይህ ብረት መኪናዬ ሊጎትት ከሚችለው ላይ ስንት ይቀንሳል?

ቀን 2

ዛሬ መለያ በማንበብ ዋልኩ። እያንዳንዱ ዕቃ የራሱ ቁጥር አለው። በጨርቅ ጠርጌ፣ በባትሪ አብርቼ አንድ በአንድ ጻፍኳቸው።

የመኪናው መመሪያ መጽሐፍ እስከ 2,500 ኪሎ መጎተት ይፈቅዳል። ተቀባዩ ላይ የተለጠፈው 2,268 ኪሎ ይላል፤ ይህ 5,000 ፓውንድ ነው። ኤስኤኢ ጄ684 በሚባለው የአሜሪካ የመጎተቻ መስፈርት 3ኛ ክፍል የሚባለው ይሄው ነው። ኳሱ 2,722 ኪሎ ይችላል። ተሳቢው ራሱ ከነጭነቱ ከ1,400 ኪሎ ማለፍ የለበትም። ማራዘሚያው 1,588 ኪሎ ተጽፎበታል።

ከነዚህ ሁሉ የሚወስነው ትንሹ ቁጥር ነው። ይህን ብዙ ሰው ያውቃል። ብዙ ሰው የሚያልፈው ሁለተኛውን ቁጥር ነው። ተቀባዩ ላይ ከ2,268 ሥር 227 ኪሎ ይላል። ማራዘሚያው ላይ ከ1,588 ሥር 159 ኪሎ ይላል። እነዚህ የመጎተት ቁጥሮች አይደሉም። ተሳቢው ኳሱን ወደ ታች የሚጫንበት ክብደት ነው። "የኳስ ጭነት" ልበለው።

ከማራዘሚያው ጋር የመጣውን ወረቀት መጨረሻ ላይ አነበብኩት። አንድ ዓረፍተ ነገር ቆም አደረገኝ። ማራዘሚያ ሲገጠም የተቀባዩ አቅም በግማሽ ይቀነሳል ይላል። የሚጎተተው ክብደትም፣ የኳስ ጭነቱም። ይህ የኔ ማራዘሚያ ብቻ ሕግ አይደለም። ብዙ አምራቾች የሚጽፉት መመሪያ ነው።

ስለዚህ አዲሱ ቁጥሬ 1,588ም 1,400ም አይደለም። የ2,268 ግማሽ፣ 1,134 ኪሎ ነው። የኳስ ጭነቱም የ227 ግማሽ፣ 113 ኪሎ። ማራዘሚያው ላይ የተጻፈው ቁጥር የብረቱን የራሱን ጥንካሬ ነው የሚናገረው። እሱ መኪናዬ ላይ ስለሚያደርሰው ነገር አይናገርም።

ቀን 3

ሚዛን። ተሳቢውን ሁልጊዜ እንደምጭነው ጫንኩት። የጄኔሬተሩ ቦታ፣ የቱቦዎቹ ቦታ፣ የመሣሪያ ሳጥኑ፣ ሁሉም እንደወትሮው። የጭነት ሚዛን ላይ ሲወጣ ጠቅላላው 1,150 ኪሎ ሆነ።

የኳስ ጭነቱን ለመለካት ልዩ መሣሪያ አያስፈልግም። የቤት ሚዛንና አንድ ጠንካራ ጣውላ ይበቃል። ጣውላውን በአንድ ጫፍ የብረት ቧንቧ ላይ፣ በሌላው ጫፍ ሚዛኑ ላይ አሳርፌ በሁለቱ መካከል 90 ሴንቲ ሜትር አደረግሁ። ባዶ ጣውላው ያሳየውን ቁጥር መዘገብኩ፣ በኋላ ይቀነሳል። ከዚያ የተሳቢውን የፊት ጫፍ ከቧንቧው 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ ጣውላው ላይ አሳረፍኩት። ሚዛኑ ላይ የሚታየው የእውነተኛው ክብደት ሲሶ ነው። በ3 ማባዛት ብቻ ነው።

ተሳቢው በሚጎተትበት ከፍታ ላይ ሆኖ መለካት አለበት። ፊቱ ከፍ ወይም ዝቅ ካለ ቁጥሩ ይለወጣል። ውሃ ልክ አስቀምጬ አስተካከልኩት። የተሳቢው ጎማዎች ከፊትም ከኋላም ይታገዱ። እንዳይንሸራተት፣ እባካችሁ ይህን አትዝለሉት።

ውጤቱ 43.5 ሲባዛ በ3፣ 130.5 ኪሎ። 130 ብዬ ልያዘው። የጠቅላላው 11.3 በመቶ ነው። ለእንዲህ ዓይነት ተሳቢ የሚመከረው ከ10 እስከ 15 በመቶ ስለሆነ ጭነቴ ደህና ተደርድሯል።

ግን አዲሶቹ ቁጥሮች 1,134 እና 113 ናቸው። እኔ 1,150 እና 130 ነኝ። ሁለቱንም አልፌያለሁ።

ቀን 4

"ለምን ግማሽ?" የሚለው ጥያቄ እንቅልፍ ነሳኝ። ደንብ ሲሰጠኝ ምክንያቱን ማየት እወዳለሁ። ሜትርና እርሳስ ይዤ መኪናው ሥር ገባሁ።

ከተቀባዩ ፒን እስከ ኳሱ መሃል ያለማራዘሚያ 23 ሴንቲ ሜትር ነው። በማራዘሚያ 53። ሙሉ ጄሪካን ወደ ደረት አስጠግቶ መያዝና ክንድን ዘርግቶ መያዝ አንድ እንዳልሆነ ሁሉ፣ ተቀባዩን የሚፈትነው ክብደቱ ብቻ አይደለም። ክብደቱ ከርቀቱ ጋር ሲባዛ ነው።

አሁን ስሌቱ። ያለማራዘሚያ 130 ኪሎ በ0.23 ሜትር ሲባዛ 29.9 ይመጣል። በማራዘሚያ 130 በ0.53 ሲባዛ 68.9። ከሁለት እጥፍ በላይ ነው። ተቀባዩ በተጻፈበት ሙሉ ጭነት፣ በ227 ኪሎ፣ በኔው 23 ሴንቲ ሜትር ቢሠራ 52.2 ነበር የሚሸከመው። እኔ 130 ኪሎ ብቻ አንጠልጥዬ ያንን አልፌዋለሁ።

በሌላ በኩል ስናየው፣ 68.9 ለ0.23 ሲካፈል 300 ኪሎ ገደማ ይሆናል። ተቀባዩ 130 ኪሎውን እንደ 300 ኪሎ ነው የሚሰማው። ይህን ቁጥር ሁለቴ አሰላሁት። ይህም መኪናው ቆሞ ነው። መንገድ ላይ ጉድጓድ ሲመታ ኳሱ ላይ የሚያርፈው ለቅጽበት ብዙ ይጨምራል። ስሌቴ ለንጽጽር ነው፣ የፋብሪካ ፍተሻን አይተካም። ግን "ግማሽ" የሚለው ደንብ ከመሬት እንዳልተነሳ አሳይቶኛል። እንዲያውም በኔ ርዝመት ግማሹም ጠበብ ይላል፤ 52.2 ለ0.53 ሲካፈል የሚመጣው 98 ኪሎ ብቻ ነው።

አንድ ያልጠበቅሁት ነገርም አገኘሁ። ማራዘሚያው አክስሎቹን በጣም የሚያናጋ መስሎኝ ነበር። ከፊት አክስል እስከ ኋላ አክስል 3.1 ሜትር ነው። ከኋላ አክስል እስከ ኳሱ 1.25 ሜትር። 130 ኪሎው ከፊት ጎማዎች ላይ 52 ኪሎ ያነሳል፣ የኋላ አክስል ላይ ደግሞ 182 ይጭናል። በማራዘሚያ ርቀቱ 1.55 ሲሆን ከፊት የሚነሳው 65፣ ከኋላ የሚጨመረው 195 ይሆናል። ልዩነቱ 13 ኪሎ ገደማ ብቻ ነው። ባሌስትራው ብዙም አልተሰማውም። የተጎዳው ተቀባዩ፣ የታሰረባቸው ቡሎኖችና እነሱን የያዘው የሻንሲ ክፍል ናቸው። ስለዚህ የመኪናው ጅራት ብዙ ስላልወረደ "ችሎታል" ብሎ መደምደም ያሳስታል። ዓይን የሚያየው ሌላ፣ ብረቱ የሚሰማው ሌላ ነው።

ጉልበትስ? ሞተሩ ከማራዘሚያው ጋር ምንም ጉዳይ የለውም። ወደ ፊት የሚጎተተው ኃይል ቱቦላሬውን ቀጥ አድርጎ ይስበዋል፤ ለዚያ ብረት ርዝመት ብዙ አይገደውም። በአውሮፓ አሠራር የመጎተቻ መለያ ላይ "ዲ" እና "ኤስ" የሚባሉ ሁለት ዋጋዎች ይታተማሉ። "ዲ" የአግድሙን መጎተት ይመለከታል፣ "ኤስ" ወደ ታች የሚጫነውን። ማራዘሚያ መጀመሪያ የሚበላው "ኤስ"ን ነው። የሚጎተተው ክብደት አብሮ የሚቀነሰው ደግሞ የኳስ ጭነት ሁልጊዜ የጠቅላላው ድርሻ ስለሆነ ነው። ወደ ጎን የሚገፋው ኃይልም በዚያው ረጅም ክንድ ነው የሚሠራው።

ቀን 5

አጭር ሥራ፣ ግን ዋና ሥራ። የደህንነት ሰንሰለቶቹ አልደረሱም። 30 ሴንቲ ሜትር ጎደሉ። ማራዘሚያው ጎን ላይ ቀለበት አለ፣ እዚያ ማሰር ይቀላል። አላደረግሁትም። ፒኑ ቢበጠስ ማራዘሚያው ከነሰንሰለቱ ተሳቢው ጋር ይሄዳል። ሰንሰለት መታሰር ያለበት መኪናው ላይ፣ ተቀባዩ ላይ ባለው ቀለበት ነው። ተመሳሳይ አቅም ያለው ማያያዣ ጨመርኩ፣ ከኳሱ ሥር አጣምሬ አሰርኩ።

የመብራት ገመዱም፣ ተሳቢው ቢላቀቅ ፍሬኑን የሚይዘው ቀጭን ኬብልም ልክ እንዲሁ አጥረው ነበር። ሁለቱንም አስረዘምኩ። ከዚያ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ አዙሬ ምንም እንዳይወጠር፣ ምንም መሬት እንዳይነካ አየሁ።

ቀን 6

ሙከራ በባዶ ተሳቢ። 430 ኪሎ፣ የኳስ ጭነቱ 52። ሁለቱም ከግማሹ ደንብ በጣም በታች ናቸው፤ ለዚህ ነው ለመውጣት የደፈርኩት።

ከመነሳቴ በፊት ኳሱን ይዤ ወደ ጎን ነቀነቅሁት። ያለማራዘሚያ የሚጫወተው 4 ሚሊ ሜትር ነበር። አሁን 13። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ቀድሞ አንድ መገጣጠሚያ ነበር፣ አሁን ሁለት ነው። እያንዳንዱ ትንሽ ክፍተት አለው፣ ርዝመቱ ደግሞ ያባዛዋል። በቡሎን የሚጠብቅ የመንቀጥቀጥ መከላከያ ማሰሪያ ሁለቱም ላይ ስገጥም ወደ 5 ወረደ።

በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ስነዳ ምንም የለም። በ60 ጎርበጥ ባለ ቦታ ላይ ከኋላ የሚመጣው ግፊት ይሰማል፣ መቀመጫው ድረስ። 75 አካባቢ ከጎን ነፋስ ሲመታኝ ተሳቢው ትንሽ ወዲያና ወዲህ አለ፣ መሪው ላይም ተሰማኝ። እግሬን ከነዳጅ ላይ አነሳሁ፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ያዝኩ፣ በራሱ ረጋ። መወዛወዝ ሲጀምር የመኪናውን ፍሬን በድንገት መርገጥ ነገሩን ያባብሳል። የተሳቢው ፍሬን ከመኪናው ተለይቶ ለብቻው የሚያዝ ከሆነ እሱን ቀስ ብሎ መያዝ ይረዳል።

ይህም ከርዝመቱ ነው። ተሳቢው የመኪናውን ጅራት ወደ ጎን ሲገፋ የኋላ አክስሉን እንደ ማጠፊያ ይጠቀምበታል። ኳሱ ከአክስሉ ሲርቅ ያው ግፊት መኪናውን የበለጠ ያዞረዋል። የኔ ከኋላ አክስል እስከ ኳስ ያለው ርቀት ከ1.25 ወደ 1.55 ሄዷል፤ ከሁለቱ አክስሎች መራራቅ 40 በመቶ የነበረው 50 ሆኗል። ባዶ ተሳቢ ይህን ካደረገ፣ 1,150 ኪሎ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም።

ወደ ኋላ ስሄድም ጅራቱ ከለመድኩት በላይ ወደ ውጭ ይወጣል። ቁልቁለት ጀምሮ ሜዳ ሲሆን ደግሞ ማራዘሚያው አስፋልቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። የከፍታ ለውጥ ባለበት መግቢያ ሁሉ ይህን ማሰብ ያስፈልጋል።

ቀን 7

ጓደኛዬ መጣ። ማስታወሻዬን አይቶ "ለ16 ኪሎ ምን ያስጨንቅሃል? ትንሽ ወደ ኋላ ገፋ አድርገውና ሂድ" አለኝ። ሐሳቡ የብዙ ሰው ሐሳብ ስለሆነ በቁም ነገር ያዝኩት። አብረን ሞከርነው።

ጄኔሬተሩን ከተሳቢው አክስል ወደ ኋላ ስንገፋው የኳስ ጭነቱ 113 ላይ ደረሰ። ቁጥሩ ደንቡ ውስጥ ገባ። ግን 113 ለ1,150 ሲካፈል 9.8 በመቶ ነው። ከ10 በታች ወረድን። ኳሱ ላይ ጭነት የሚያንሰው ተሳቢ ቶሎ መወዛወዝ የሚጀምረው ተሳቢ ነው። ማራዘሚያው ራሱ መወዛወዝን በሚያባብስበት ሁኔታ ላይ ሌላ ምክንያት መጨመር ይሆናል።

እዚህ ላይ ነው ነገሩ የበራልኝ። ማራዘሚያው የኳስ ጭነት ቀንስ ይላል። መረጋጋቱ ደግሞ የኳስ ጭነት አትቀንስ ይላል። ሁለቱን የሚያስታርቅ አንድ መንገድ ብቻ አለ፤ ጠቅላላውን ጭነት መቀነስ። 11 በመቶ ጠብቄ የራሴ ስሌት ከሰጠኝ 98 ኪሎ እንዳላልፍ ተሳቢው ከነጭነቱ 890 ኪሎ ብቻ መሆን አለበት። 260 ኪሎ ማውረድ ማለት ነው። ያ ለኔ ሥራ አይሆንም።

ጓደኛዬ ክብደት የሚያከፋፍሉትን ዘንጎች አነሳ፤ የኳስ ጭነቱን ከፊል ወደ ፊት አክስል የሚመልሱትን። እነሱ የሚሠሩት ተቀባዩን በመጠምዘዝ ነው። ማራዘሚያው ለዚያ ተብሎ ካልተሠራ አብሮ መግጠም አይፈቀድም። የኔው ወረቀት በግልጽ ይከለክላል። ይህ መንገድ ተዘጋ።

ቀን 9

ትናንት ምንም አልሠራሁም። ዛሬ ግን ጥያቄውን ገለበጥኩት። 30 ሴንቲ ሜትሩ ከኳሱ በመኪናው በኩል ሳይሆን በተሳቢው በኩል ቢጨመርስ?

ያን ጊዜ ነገሩ ይገለበጣል። ከተሳቢው አክስል እስከ ኳሱ አሁን 2.8 ሜትር ነው። 3.1 ቢሆን ያው ጭነት ኳሱ ላይ የሚጥለው 117 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። ተቀባዩ ይቀልለዋል። ረጅም ዘንግ (ከተሳቢው አካል እስከ ኳሱ የሚደርሰው ብረት) ያለው ተሳቢ ደግሞ የተረጋጋ ነው፣ ወደ ኋላ ለመንዳትም ይታዘዛል። ያው ብረት፣ ያው ርዝመት፣ ግን ኳሱን ተሻግሮ ሲሆን ከጠላት ወደ ወዳጅ ይለወጣል።

ታዲያ ለምን አላደረግሁትም? ዘንጉን ቆርጦ በመቀጠል የሚሠራ ሥራ አይደለም። የብረቱ ውፍረት ለአዲሱ ርዝመት መመረጥ አለበት፣ ብየዳውም መፈተሽ አለበት። የተሳቢውን ሕጋዊ ልክና ፈቃድም ይነካል። ተሳቢ የሚያሠራ ሰው ግን ገና ሲነደፍ ዘንጉን ረዘም አድርጉልኝ ቢል መልካም ነው።

እኔን የቸገረኝ የስፖንዳው መንገድ ነው። መንገዱን የዘጉት ክሪኩና ሳጥኑ ናቸው። እነሱን ማንቀሳቀስ እችላለሁ።

ቀን 10 እና 11

ቀጥ ብሎ የቆመውን ክሪክ አወጣሁ። በምትኩ ሥራው ሲያልቅ ወደ ጎን ታጥፎ የሚተኛ ክሪክ ገጠምኩ። አቅሙ ከድሮው አያንስም። እሱን ሳላረጋግጥ አልገዛሁትም።

የመሣሪያ ሳጥኑ ሙሉ ሲሆን 60 ኪሎ ነው። አራት ቡሎኖቹን ፈትቼ 25 ሴንቲ ሜትር ወደ ኋላ ወሰድኩት። አንዱ ዳዶ ዝጎ ነበርና ግማሽ ቀን በላ። አዲሶቹን ቀዳዳዎች የበሳሁት በጠፍጣፋው የዘንጉ ገጽ ላይ ሳይሆን፣ ከሥር ባለው መሻገሪያ ብረት ላይ በተጨመረ ጠፍጣፋ ሳህን ላይ ነው። ጭነት የሚሸከም ዘንግ ላይ ያለ ምክንያት ቀዳዳ መብሳት አልወድም። የተበሳውን ሁሉ ፀረ ዝገት ቀባሁ።

ስፖንዳው አሁን ክሪኩን በ6 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ያለማራዘሚያ። ይህ የሚሆነው መኪናውና ተሳቢው ቀጥ ብለው ሲቆሙ ነው። ታጥፈው ከቆሙ የተሳቢው ጥግ ይነካል፣ ስለዚህ ሳልከፍት በፊት ወርጄ አያለሁ።

ቀን 12

እንደገና ሚዛን። ሙሉ ጭነት፣ ጄኔሬተሩ ወደ ድሮ ቦታው ተመልሷል። 41.5 በ3፣ 124.5 ኪሎ። 60 ኪሎውን 25 ሴንቲ ሜትር ስወስድ 5 ኪሎ ገደማ ይቀንሳል ብዬ አስልቼ ነበር፣ ልክ ሆነ። 10.8 በመቶ። ተቀባዩ ላይ የተጻፈው 227 ሳይነካ በቦታው አለ፣ ምክንያቱም መሃል የገባ ነገር የለም።

ማራዘሚያውን አልጣልኩትም። የብስክሌት መስቀያው ያለሱ ሲገጠም ስፖንዳውን ይዘጋዋል። መስቀያው 19 ኪሎ፣ ሁለቱ ብስክሌቶች እያንዳንዳቸው 15፣ በድምሩ 49 ኪሎ። የብስክሌቶቹ መሃል ከተቀባዩ ፒን 75 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። ሲባዛ 37 ገደማ ነው፣ በቀን 4 ስሌት ካገኘሁት 52 በታች። የመስቀያው ወረቀትም ማራዘሚያ ይፈቅዳል። ሁሉም መስቀያ አይፈቅድም፣ ማንበብ ያስፈልጋል። ሁለቱን የመንቀጥቀጥ መከላከያ ማሰሪያዎች እንደተገጠሙ ትቻቸዋለሁ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ካሶኒው የሚወጠር ጠፍር ጨምሬያለሁ።

ማራዘሚያው ጎን ላይ በነጭ ቀለም "49 ኪሎ፣ ለብስክሌት ብቻ" ብዬ ጻፍኩበት። መኪናውን ሌላ ሰው ሲወስደው የኔ ማስታወሻ አብሮት አይሄድም፣ ያ ጽሑፍ ግን ይሄዳል። ማታ ሙሉ ተሳቢውን ይዤ 50 ኪሎ ሜትር ነድቼ ተመለስኩ፣ በ80 መሪው ዝም ብሏል። የሳጥኑን አራት ቡሎኖች በቺያቬ ሞከርኳቸው። አንዱ ሩብ ዙር ያህል ገባ፣ ሦስቱ አልተንቀሳቀሱም።